የመክፈያው ቀን ይለወጥ፦ ስለ አነስተኛ ገበሬዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለግብርና መሥሪያ ቤቶች፣ ለአበዳሪ ተቋማት፣ ምርት ለሚገዙ ድርጅቶችና ለግብርና ፕሮጀክቶች ገንዘብ ለምትሰጡ ሁሉ፤

ጉዳዩ፦ ገበሬው ምርቱን ይዞ መቆየት የሚችልበትን መንገድ ይመለከታል።

እንደምን ሰነበታችሁ? ደብዳቤዬን በኑዛዜ ብጀምር ይሻለኛል።

ለዓመታት በአንድ የግብርና ፕሮጀክት ውስጥ ሠርቻለሁ። ሥልጠና አዘጋጅ ነበር፣ ማሳ እጎበኝ ነበር፣ በቀረው ጊዜ ሁሉ ደግሞ ሪፖርት እጽፍ ነበር። በሪፖርት ማንም አይደርስብኝም። «ይህን ያህል አርሶ አደሮች ሠለጠኑ፤ ይህን ያህል ኩንታል ምርጥ ዘር ተሰራጨ፤ ከሠልጣኞቹ ይህን ያህሉ ሴቶች ናቸው።» ፕሮጀክታችን ዘርና ማዳበሪያ በብድር ይሰጥ ነበር። ምርትም ጨመረ። እውነቴን ነው፣ ጨመረ። ጆንያው ተደርድሮ አጠገቡ ፎቶ ተነሣን።

አዝመራው በገባ በሳምንቱ ገበያ ወረድኩ። ገበያው ጢም ብሏል። የሚታየው ሁሉ ሻጭ ነው። ዋጋው ወርዶ ወርዶ መሬት ነክቷል። በማሳቸው ላይ ሠርቶ ማሳያ ያዘጋጀንላቸውን አንድ አባት ከጆንያቸው አጠገብ ቆመው አገኘኋቸው። «ምነው አባቴ፣ ትንሽ ቢቆዩ እኮ ይወደዳል» አልኳቸው። ለአፍታ ዝም ብለው አዩኝና «ልጄ፣ የእናንተ ብድር የሚከፈለው መቼ ነው?» አሉኝ።

የዚያን ሳምንት ዓርብ ነበር።

ቀኑን የቆረጥነው እኛው ነን። ክፋት አልነበረበትም። ስብሰባው ላይ የተባለው «ገንዘብ እጃቸው ላይ ሳለ እንሰብስብ» የሚል ነው። እኔም እጄን አውጥቻለሁ። ለአንድ አበዳሪ ብቻውን ሲታይ ብልህነት ነው። ግን ሁሉም አበዳሪ እንደዚያው ያስባል። የእኛ ብድር ዓርብ፣ የሌላው ብድር ሰኞ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ እዚያው ሰሞን፣ አጨዳ ላይ ያገዙ የቀን ሠራተኞች ሒሳብ ደግሞ ከሁሉም በፊት። በቃ፣ የአንድ አካባቢ ገበሬ በሙሉ በአንድ ሳምንት ጆንያውን ተሸክሞ ይወጣል። ነጋዴው መላ መዘየድ እንኳ አያስፈልገውም። ቁጭ ብሎ ቢጠብቅ ዋጋው ራሱ ይወርድለታል። ከወራት በኋላ ጎተራው ሲራቆት፣ እኚያው አባት የሸጡትኑ ዓይነት እህል በውድ ይገዛሉ።

ምርት መጨመሩን ሪፖርት አድርጌያለሁ። የዓርቡን ነገር ግን አልጻፍኩም። ቅጹ ላይ የሚሞላበት ቦታ አልነበረውም።

ስለ ስንት ሰው እንደምናወራ ላስታውሳችሁ። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።) የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት፣ ፋኦ፣ ተመራማሪዎች በ2021 ባሳተሙት ስሌት በዓለም ላይ ከ600 ሚሊዮን በላይ እርሻዎች አሉ። ከ100ው 84ቱ ከ2 ሄክታር ያንሳሉ። ሁሉም ተደምረው የያዙት ከዓለም የእርሻ መሬት 12 በመቶ ገደማ ነው። ከዚያች መሬት ላይ ግን ከዓለም ምግብ 35 በመቶ ያህሉን ያወጣሉ። ማምረቱን ያውቁበታል ማለት ነው። ሥልጠና አትስጡ እያልኩ አይደለም፤ እኔም በሥልጠና አበል ነው የኖርኩት። ነገር ግን ከአጨዳ በፊት ያለውን ጊዜ በምክር አጥለቅልቀን፣ ከአጨዳ በኋላ ያሉትን አራት ወራት ለገበሬው ብቻ ጥለንለታል። ትርፍና ኪሳራው የሚለየው ደግሞ በእነዚያ ወራት ነው።

ይህን የምለው ከአንድ ገበያ ተነሥቼ አይደለም። ማርሻል በርክ፣ ሎረን በርግኲስትና ኤድዋርድ ሚጌል የተባሉ ኢኮኖሚስቶች ምዕራብ ኬንያ ውስጥ በበቆሎ ገበሬዎች ላይ ሙከራ አድርገው ውጤቱን በ2019 አሳትመዋል። ያደረጉት ነገር ቀላል ነው። ብድሩን በዘር ወቅት ሳይሆን አዝመራ ሲገባ ሰጡ። እኛ በምንሰበስብበት ሰዓት እነሱ አበደሩ ማለት ነው። ገበሬው የቸኮለ ወጪውን በብድሩ ሸፈነና በቆሎውን አቆየ። ሲወደድ ሸጠ። ገንዘቡ ላይ የተገኘው ትርፍ 29 በመቶ ሆነ።

ከዚህ የበለጠ የገረመኝ ሌላው ግኝታቸው ነው። ብዙ ሰው በተበደረበት አካባቢ የገበያው ዋጋ ራሱ ረጋ አለ። በአዝመራ ጊዜ እንደ ድሮው አልወደቀም፣ በችግር ወራትም እንደ ድሮው አልናረም። ስለዚህ ያልተበደረው ጎረቤትም ተጠቀመ። በእርግጥ ዋጋው በረጋበት ቦታ የተበዳሪው ትርፍ ቀንሷል። እንዲያ ቢሆንም ለእኔ ይህ እንከን አይደለም። አንድ የብድር ቀን መንደሩን ሁሉ ሊጎዳ ከቻለ፣ አንድ የብድር ቀን መንደሩን ሁሉ ሊጠቅም ይችላል።

እሺ፣ እህሉን ያቆየው። የት?

እህል ይዞ መቆየት ማለት ከነቀዝ ጋር አብሮ መቆየት ማለት ነው። ይህን የማያውቅ ባለሙያ «ለምን አትጠብቁም?» ሲል ገበሬው በሆዱ ይስቃል። በ1980ዎቹ መጨረሻ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲው ላሪ መርዶክና ባልደረቦቹ ካሜሩን ውስጥ ካውፒ የተባለውን ጥራጥሬ ከነቀዝ ለማዳን ሲሞክሩ አንድ ዘዴ ላይ ደረሱ። ዛሬ ፒክስ ከረጢት የሚባለው እሱ ነው። ሁለት ወፍራም ፕላስቲክ ከውስጥ፣ አንድ ተራ ጆንያ ከውጭ። አፉ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል። ውስጥ ያለው ነቀዝ ያለውን አየር ተንፍሶ ይጨርሳል፣ ከዚያ መብላትም መራባትም ያቆማል። መድኃኒት የለው፣ መርዝ የለው።

አንድ ነገር ግን አለው። እህሉ በደንብ መድረቅ አለበት። በቆሎ ከሆነ እርጥበቱ ወደ 13 በመቶ መውረድ ይኖርበታል፤ አለዚያ ከረጢቱ የሻጋታ ቤት ይሆናል። ሻጋታው ደግሞ አፍላቶክሲን የተባለውን ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ የሌለው ሰው ጨው ይጠቀም። ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት እህልና ጥቂት ደረቅ ጨው ጨምሮ ደህና አድርጎ ይነቅንቀው፣ ከዚያ ትንሽ ያስቀምጠው። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ እህሉ ገና እርጥብ ነው። ይህችን የጨው ነገር ካስተማርኳቸው ትምህርቶች ሁሉ በላይ እወዳታለሁ። ቅጽ አታስሞላም።

ከረጢቱን በነጻ ያከፋፈለ ፕሮጀክትም አውቃለሁ። የመክፈያውን ቀን ግን አልነካም። በዓመቱ ስንሄድ ከረጢቶቹ እንደታጠፉ ተቀምጠዋል። ምን ይግባባቸው?

ከፍ ያለው መንገድ የመጋዘን ደረሰኝ ነው። ገበሬው እህሉን እምነት የሚጣልበት መጋዘን ያስገባል፣ እህሉ ይመዘናል፣ ደረጃ ይወጣለታል፣ ደረሰኝ ይሰጠዋል። ባንኩ ደረሰኙን እንደ ማስያዣ ይዞ ያበድረዋል። ሐሳቡ ግሩም ነው። ከመሬቱ ካርታ በቀር ማስያዣ ለሌለው ሰው የራሱ እህል ማስያዣ ይሆነዋል። ሲተገበር ግን ስንት ጊዜ ተበላሽቷል! መጋዘኑ ሩቅ ይሆናል። ከዚህ በታች አንቀበልም የሚባለው መጠን የአምስትና የስድስት ቤተሰብ ምርት ይሆናል። ያኔ ደረሰኙ የነጋዴው መገልገያ ሆኖ ያርፈዋል። መጋዘን ልትሠሩ ካሰባችሁ መጀመሪያ በአህያ ወይም በብስክሌት ስንት ሰዓት እንደሚያስኬድ ጠይቁ።

አሁን ደግሞ ወደ ስልክ። በየስብሰባው የሚወደድ ዕቅድ ነው፦ «የገበያ ዋጋ በስልክ እንልክላቸዋለን፣ ከዚያ ደላላው አያታልላቸውም።» ሁለት ጥናቶችን ጎን ለጎን ላስቀምጥላችሁ።

የመጀመሪያው የሮበርት ጀንሰን ነው፣ የ2007። በህንዷ ኬረላ ጠረፍ ከ1997 እስከ 2001 የሞባይል ስልክ ደረጃ በደረጃ ገባ። ዓሣ አጥማጆች ገና ባሕር ላይ እያሉ ወደየወደቡ መደወል ጀመሩ። ገዢ ያለበትን ወደብ መርጠው ጀልባቸውን ያዞራሉ። ገዢ ጠፍቶ ዓሣ መድፋት ቀረ። የአጥማጆቹ ትርፍ 8 በመቶ ገደማ ጨመረ፣ ሸማቹ የሚከፍለው ደግሞ 4 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ሁለቱም ተጠቀሙ። ይህ ጥናት በየመድረኩ ሲጠቀስ ኖሯል።

ሁለተኛውን ብዙ ሰው አይጠቅሰውም። እዚያው ህንድ፣ ማሃራሽትራ ውስጥ፣ ማርሴል ፋፍሻምፕስና ባርት ሚንተን ለገበሬዎች የዋጋና የአየር ሁኔታ መረጃ በአጭር መልእክት ሲላክ ምን እንደሚፈጠር አጠኑ። ውጤቱ በ2012 ታተመ። ገበሬዎቹ ባገኙት ዋጋ ላይ በአማካይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም።

ለምን? የእኔ ንባብ እንዲህ ነው። አጥማጁ ጀልባ አለው፤ ጀልባዋን ማዞር ይችላል። ገበሬው ሌላ ገበያ ዋጋ እንደጨመረ ቢሰማ እህሉን የሚያደርሰው በምን ነው? የገዛው ሰው ራሱ አበዳሪው ቢሆንስ? ነገ የሚከፍለው ዕዳ ቢኖርበትስ? ዋጋ ማወቅ ጥሩ ነው። «ተወው፣ አልሸጥም» ማለት ለማይችል ሰው ግን ዕውቀቱ ንዴት ብቻ ነው የሚጨምርለት።

እስካሁን ስለ እህል ነው ያወራሁት። አፈሩም ግን ያው ነው፣ እንዲያውም የባሰ።

«ዘላቂ ግብርና» የምትለዋን ሐረግ ሁላችንም እንወዳታለን። መፈክር ላይ ታምራለች። ገበሬው ጋ ስትደርስ ግን «ዛሬ ልፋ፣ ከሁለት ከሦስት ዓመት በኋላ ታያለህ» ማለት ሆና ትገኛለች። ዘዴዎቹ አይሠሩም ማለቴ አይደለም። ይሠራሉ። ናይሮቢ የሚገኘው የነፍሳት ምርምር ማዕከል ኢሲፔ ከእንግሊዙ የግብርና ምርምር ተቋም ሮታምስቴድ ጋር ሆኖ በ1990ዎቹ ያዳበረውን «ገፍቶ መሳብ» የሚባል ዘዴ እዩት። በበቆሎው መሐል ዴስሞዲየም የተባለ ተክል ይዘራል። ሽታው አገዳ ቆርቁርን የምትፈለፍለውን የእሳት ራት ያባርራታል። በማሳው ዳር ዝሆኔ ሣር ይተከላል፤ እሱ ደግሞ ወደ ራሱ ይስባታል። የዴስሞዲየም ሥር የሚያወጣው ንጥረ ነገር አቀንጭራን ያዳክማል። ተክሉ ናይትሮጅን ለአፈሩ ይሰጣል፣ ታጭዶ ደግሞ ለከብት መኖ ይሆናል። በአንድ ድንጋይ ስንት ወፍ! ነገር ግን በመጀመሪያው ወቅት አረሙን መንቀል ወገብ ይቆርጣል፣ ዘሩም በየሱቁ አይገኝም። ጥቅሙ የሚመጣው ተክሉ ከተደላደለ በኋላ ነው። ዓርብ ዕዳ ያለበት ሰው እስከዚያ ምን ይብላ?

ቡርኪና ፋሶ ውስጥ ያኩባ ሳዋዶጎ የሚባል ገበሬ ነበር። በ1980 ገደማ ድርቁ መሬቱን እንደ ድንጋይ ሲያደርቀው፣ ዛይ የሚባለውን የአካባቢውን የቆየ ዘዴ አሻሽሎ ተነሣ። ጉድጓድ በጉድጓድ ቆፈረ። ፍግና ተረፈ ምርት ሞላበት፣ ምስጥም መጥቶ አፈሩን ቦረቦረለት፣ ዝናብ ሲመጣ ውኃው ሰረገ። የሚቆፍረው ደግሞ ሰው ሁሉ ዝናብ በሚጠብቅበት በበጋው ነው። ጎረቤቶቹ አብዷል አሉት። ሰውየው ግን ቀጠለ፤ እህሉም በቀለ፣ ዛፉም በቀለ፣ ጫካ ሆነ። በ2018 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አገኘ። በዚያው ዓመት ይህንኑ ሽልማት ከተቀበሉት አንዱ አውስትራሊያዊው ቶኒ ሪናውዶ ነው። እሱ ደግሞ ኒጀር ውስጥ ችግኝ ሲተክልና ሲደርቅበት ከርሞ፣ በ1983 እግሩ ሥር ያለውን ቁጥቋጦ ጎንበስ ብሎ አየ። ቁጥቋጦ የመሰለው የተቆረጠ ዛፍ ጉቶ ነበር፣ ሥሩ በሕይወት አለ። መትከሉን ትቶ ጉቶውን መንከባከብ ጀመረ። ዛሬ ኒጀር ውስጥ ከ5 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት በዚህ መንገድ ዛፍ መልሷል።

እዚህ ላይ ለመሥሪያ ቤቶች የማነሣው ነጥብ አለ። ኒጀር ውስጥ ለረጅም ጊዜ ዛፍ በሕግ የመንግሥት ንብረት ነበር። ገበሬው ማሳው ላይ የበቀለውን ዛፍ ቢንከባከብ ባለቤቱ እሱ አይደለም፣ ቢቆርጠው ደግሞ ይቀጣል። ታዲያ ለምን ያሳድገዋል? ዘዴው የተስፋፋው ቁጥጥሩ ላልቶ ገበሬው ዛፉን «የእኔ» ማለት ሲጀምር ነው። መሬቱ ከሁለት ዓመት በኋላ የእሱ ስለመሆኑ እርግጠኛ ያልሆነ ሰው እርከን ሥራ ብትሉት፣ ለናንተ ሲል አንድ ቀን ይሠራል፤ ሁለተኛ ቀን አይመጣም። ተከራይቶ የሚያርሰው ደግሞ የባሰ ነው። ኮንትራቱ የአንድ ዓመት ሆኖ ስለ አፈር ጤና ንግግር ማድረግ ቀልድ ነው።

በችኮላ የሆነውንም አይተናል። የቀድሞው የስሪላንካ ፕሬዚዳንት ጎታባያ ራጃፓክሳ በ2019 ምርጫ ሲወዳደሩ አገሪቱን በ10 ዓመት ውስጥ ወደ ተፈጥሮ ግብርና እናሸጋግራለን ብለው ነበር። 10 ዓመት ጥሩ ነው፤ ምናልባት ይቻል ነበር። በኤፕሪል 2021 ግን የኬሚካል ማዳበሪያና የፀረ ተባይ መድኃኒት ማስገባትን በአንድ ጊዜ ከለከሉ። የሩዝ ምርት አሽቆለቆለ፣ ሻዩም ተጎዳ፣ ሩዝ ከውጭ መግዛት ግድ ሆነ። ኖቬምበር ላይ እገዳውን አነሡት። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚባለው ይኸው ነው፣ ልዩነቱ እዚህ የለቀሙት ያፈሰሱት ሰዎች አለመሆናቸው ነው።

ስለዚህ ለጋሾች፣ ፕሮጀክታችሁ ሦስት ዓመት ከሆነ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። የመጀመሪያው ዓመት በቅጥር፣ በመኪና ግዢና በመነሻ ጥናት ያልቃል። ሁለተኛው ዓመት ሥልጠና ነው። ሦስተኛው ዓመት የመዝጊያ ሪፖርት ነው። ገበሬው ከዚህ ውስጥ የሚያገኘው አንድ የዘር ወቅት ነው። አፈሩ መመለስ ሲጀምር እኛ ጠረጴዛና ወንበር እያስረከብን ነን። ገንዘቡን አትጨምሩ፣ ብቻ ዘርጉት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወቅቶች ምርቱ ቢቀንስበት የሚክስበት ነገር ይኑር። ለሥልጠና አበል፣ ለቲሸርትና ለኮፍያ የሚወጣው ተደምሮ ብዙ ነገር ይሸፍናል። (ኮፍያው አሁንም አለኝ። ጥሩ ኮፍያ ነው።)

ወደ ገዢዎች ልምጣ። እናንተ ላይ ትንሽ እጠነክራለሁ።

ከገበሬው ጋር ውል ትፈራረማላችሁ። ውሉ ላይ ጥራት አለ፣ መጠን አለ፣ የማስረከቢያ ቀን አለ። ክፍያው መቼ እንደሆነ ግን «ከርክክብ በኋላ» ይላል። ከርክክብ በኋላ ስንት ቀን? ሠላሳ? ዘጠና? ላም አለኝ በሰማይ ነው ነገሩ። ገበሬው ለእናንተ ወለድ የማይጠይቅ ባንክ ሆኗል። ከዚያ እሱ ራሱ ከሠፈር አበዳሪ በከባድ ወለድ ይበደራል። በሚቀጥለው ዓመት ምርቱን በጓሮ በር ለደላላ ሲሸጥባችሁ «ገበሬ ውል አያከብርም» ትላላችሁ። ደላላው እኮ በእጁ ጥሬ ገንዘብ ይዞ ነው የመጣው! ደላላን ስንሰድብ ነው የኖርነው። በማግስቱ ሳይሆን እዚያው የሚከፍል ሰው እሱ ብቻ መሆኑን ግን አንናገርም።

ይህ በሕግ ሊያዝ ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት በ2019 ባወጣው ስለ ኢፍትሐዊ የንግድ አሠራር የሚናገር መመሪያ፣ ቶሎ ለሚበላሽ ምርት ክፍያ ከ30 ቀን፣ ለሌላው የምግብ ምርት ከ60 ቀን ማለፍ የለበትም። ቶሎ የሚበላሽ ምርት ካዘዙ በኋላ በመጨረሻ ሰዓት መሰረዝም ክልክል ነው። ከኅብረቱ ውጭ ያለ አቅራቢም እዚያ ላለ ገዢ ሲሸጥ ይህ ይሠራለታል። ጥሩ ነው። ግን አቅራቢ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ላኪው ድርጅት ነው። ላኪው በ30 ቀን ተከፍሎት ገበሬውን በ90 ቀን ቢከፍለው የሚጠይቀው ማነው? ገዢዎች፣ ላኪያችሁን ስትመርጡ ይህን አንድ ጥያቄ ብቻ ጨምሩ። የምርት ጥራት ለመቆጣጠር ሰው ትልካላችሁ፤ ያ ሰው እግረ መንገዱን የክፍያ ደረሰኝ ይይ።

ሌላም ነገር አለ። ይኸው ኅብረት በ2023 ያወጣው የደን ጭፍጨፋን የሚመለከት ሕግ ቡናና ካካዎን የመሳሰሉ ምርቶች የበቀሉበት ማሳ ካርታ ላይ የሚገኝበት ትክክለኛ ነጥብ እንዲታወቅ ይጠይቃል። ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ተራዝሟል። ዓላማው ተገቢ ነው፣ ደን ይጠበቅ። ነገር ግን በየማሳው ዞሮ የሚለካው ማነው፣ ወጪውስ የማን ነው? ገዢው ካልከፈለ ገበሬው ላይ ይወድቃል፣ ካልሆነም ገዢው ትልቅ እርሻ ፈልጎ ይሄዳል። ትንሹን ገበሬ ከገበያ ለማስወጣት ክፉ ልብ አያስፈልግም፤ አንድ ተጨማሪ ቅጽ ይበቃል።

መንግሥት ራሱ ገዢ መሆኑን የሚረሱ መሥሪያ ቤቶች አሉ። ትምህርት ቤት ይመግባል፣ ሆስፒታል ይመግባል፣ ወታደር ይመግባል። ብራዚል በ2009 ባወጣችው ሕግ ከፌዴራል መንግሥት ለትምህርት ቤት ምገባ ከሚመጣው ገንዘብ ቢያንስ 30 በመቶው ከቤተሰብ እርሻ መግዣ እንዲሆን አደረገች። ተራ ጨረታውን አልፎ በቀጥታ መግዛት እንዲቻልም ፈቀደች። ይህቺ ሁለተኛዋ ነገር ናት ቁልፏ። የጨረታ ሰነድ ገዝቶ፣ ማስከበሪያ አስይዞ የሚወዳደር የአንድ ሄክታር ገበሬ የትም የለም። የትምህርት ቤት ምገባ ደግሞ መቼ፣ ምን ያህል እንደሚፈለግ ከዓመት በፊት ይታወቃል። ገበሬ ከዚህ የተሻለ ገዢ ከየት ያመጣል? ብቻ መንግሥትም በሰዓቱ ይክፈል። ይህን በሹክሹክታ ነው የምለው።

ስለ ኅብረት ሥራ ማኅበር ብዙ አልልም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ተረት በየመክፈቻ ንግግሩ ሰምታችሁታል። ከላይ በትእዛዝ የተመሠረተ፣ ሊቀመንበሩ በየምርጫው ያው ሰው የሆነ ማኅበር ምን እንደሚመስልም ታውቃላችሁ። የሚሠራውን ለማየት የህንዱን የወተት ኅብረት ሥራ ማኅበር አሙልን ተመልከቱ። በ1946 በካይራ አውራጃ ወተት ሻጮች ሲጀምሩት ብሶታቸው አንድ ገዢ ብቻ መኖሩና የፈለገውን ዋጋ መስጠቱ ነበር። በኋላ የመጣው ቨርጊስ ኩሪየን ትልቅ ሥራ አስኪያጅ ነው፣ ግን መሠረቱ መንደር ውስጥ ያለች ትንሽ ጣቢያ ናት። ወተቱ ሻጩ ፊት ይለካል፣ ስቡ ሻጩ ፊት ይመረመራል፣ ዋጋው በዚያው ይታወቃል። ሚዛኑ የታመነ ማኅበር ይቆያል። ሚዛኑ የሚያጠራጥር ማኅበር ማኅተሙ ብቻ ይቀራል።

ወደ ዓርቧ ልመለስና ላብቃ።

አበዳሪዎች፣ የግብርና ብድር መክፈያ ቀናችሁን ከአዝመራ ቢያንስ አራት ወር አርቁት። ገንዘባችሁ እንዳይጠፋ ከሰጋችሁ መጋዘን ያለ እህል ይዛችሁ አርቁት። ይህም ካስፈራችሁ በአንድ ቅርንጫፍ፣ ለአንድ ዓመት ሞክሩትና ከሌላው ቅርንጫፍ ጋር አወዳድሩት። የግብርና መሥሪያ ቤቶች፣ ሪፖርታችሁ ላይ «ስንት ኩንታል ተመረተ» ከሚለው ቀጥሎ «በየትኛው ወር፣ በስንት ተሸጠ» የሚል አንድ መስመር ጨምሩ። ገዢዎች፣ ውሉ ላይ የክፍያ ቀን በቁጥር ይጻፍ። ለጋሾች፣ የቀጣዩን ፕሮጀክት ሰነድ ከመፈረማችሁ በፊት የመክፈያው ቀን ከአጨዳ በኋላ በስንተኛው ሳምንት ላይ እንደሚውል ቆጥሩ።

መልስ ልትጽፉልኝ ከፈለጋችሁ ረጅም እንዲሆን አልጠብቅም። አዲሱን የመክፈያ ቀን ብቻ ጻፉልኝ። ለእኚያ አባት እኔ ራሴ ሄጄ እነግራቸዋለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
አንድ የቀድሞ ሪፖርት ጸሐፊ

ግልባጭ፦
ለሚዛን ተቆጣጣሪዎች
ለደላሎች (እናንተን ሌላ ቀን አገኛችኋለሁ)